ለድመት የተለቀሰበት ሰኔ

በዚያ ሰኔ ትልልቅ ሰዎች ለአንዲት አሮጊት ድመት ሲያለቅሱ አየሁ። የሰው ወሬ አይደለም፤ በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት። ጋሽ ናስረዲን፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ሲነታረክ ድምፁ እስከ ገበያው የሚሰማው ሰውዬ፣ እኛ ጓዳ ውስጥ በርከክ ብሎ የድመቷን ጆሮ እያሻሸ ዕንባው ጺሙ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ያየውን ሁሉ የተረዳ ይመስለዋል።

ድመቷ ሙሽሪት ትባላለች። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው። እናቴን ባገባ ሰሞን እህቱ አስካለች ከሞርሲቶ በካርቶን ይዛት መጥታ፣ «አይጥ ሙሽራ ነው ብሎ አይምርም፤ እህላችሁን ትጠብቅላችሁ» ብላ ሰጠቻቸው አሉ። ስለዚህ ከእኔ ትበልጣለች፤ እሷም ይህን የምታውቅ ይመስል ተኝታበት ከነበረ ወንበር ላይ ሳነሳት በንቀት ታየኝ ነበር። በደህናው ጊዜ የሰፈሩን አይጥ ጨርሳ ወደ ሰፈሩ ውሾች የዞረች ጉደኛ ናት። በዚያ ሰኔ ግን አመድማ ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ የጎድን አጥንቷ በጣት የሚቆጠር ሆኖ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ለመምጣት እንኳ መሀል ላይ አረፍ ትል ነበር።

አባቴ ማቴዎስ ከፋሲካ በኋላ ነው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው። ሆሳዕና ውስጥ ይሄ ዜና አይደለም። በየቤቱ ወይ «ደቡብ» የሄደ ወይ ለመሄድ የሚቁነጠነጥ አንድ ሰው አይጠፋም፤ አስተማሪያችን አባቱ ደቡብ ያለ እጁን ያውጣ ብትል ክፍሉ በእጅ ይሞላ ነበር። በሄደበት ቀን እናቴን አቀፋት፣ ሆዷን ዳሰሰ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «ሰሎሜ፣ እናትሽን ጠብቂያት። ሙሽሪትንም አደራ፤ አርጅታለች፣ ሰው ትፈልጋለች» አለኝ። እናቴ ትልቅ ሰው ናት፣ ራሷን ታውቃለች። ስለዚህ ዋናው አደራ የድመቷ ነው ብዬ ያዝኩት።

ሙሽሪት መብላት ያቆመችው ሰኔ እንደገባ ነው። ወተት ሳስቀምጥላት ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ምላሷን አንዴ ነከር ታደርግና ጭንቅላቷን አራግፋ ትመለሳለች። ሥጋም ስሰጣት እንደዚያው። የምትጠላው ቢሆን ባልመጣች፤ እየመጣች መተዋ ነው የቸገረኝ። እናቴ ሂሩት ሳሎን ውስጥ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ለሚወለደው ልጅ ቢጫ ኮፍያ እየሠራች፣ «እርጅና ነው ልጄ፣ አታስጨንቂያት» ትለኛለች። ያን ጊዜ እናቴ ገና ትስቅ ነበር። ክሩን ጨርሳ ሌላ አስገዝታኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

አክስቴ አስካለች በዚያው ሳምንት ከሞርሲቶ መጣች። እናቴን ልታርስ ትመጣለች ከተባለበት ጊዜ በጣም ቀድማ ነበርና እናቴ ገረማት።

«ምነው አስካልዬ፣ ገና ነኝ እኮ!»

«ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው ብዬ ነው» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን በር በሩ ላይ አድርጋ።

ባዶ እጇን ነበረች። አክስቴ ባዶ እጇን ቤታችን መጥታ አታውቅም። ቅቤ በኮባ ጠቅልላ፣ ቡላ በፌስታል አንጠልጥላ፣ ዶሮ እግሩን አስራ ነው የምትመጣው፤ እኛም የምንወዳት ግማሹ ለዚያ ነው። እኔ ዶሮው መቅረቱ ቅር አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሰላምታውን እንደጨረሰች ቀጥ ብላ ጓዳ ገባች። ሙሽሪት በአባቴ አሮጌ ሹራብ ላይ ተኝታ ነበር፤ ብርድ እንዳይመታት ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ። አክስቴ ሹራቡን ከሥሯ ጎትታ አወጣችው፣ ፊቷን ቀበረችበት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«አክስቴ፣ ድመት ድመት ይሸታል እኮ» አልኳት።

ቀና ስትል ጉንጯ ላይ የሙሽሪት ጸጉር ተለጣጥፎ ነበር። ሳቄ መጣ። ከሳሎን እናቴ ተጣራች፦ «አስካለች! ምነው? ምን ሆንሽ?»

አክስቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላ ድመቷን።

«ድመቷ ናት!» አለች ጮክ ብላ። «እንዲህ ከስታ፣ ምግብ አልበላ ብላ ሳያት ሆዴ ባሰኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ለሙሽሪት ጠያቂ አላነሰውም። ጎረቤቶች ይመጣሉ፤ እናቴን እጇን ይዘው «እንዴት ነሽ? ሆድሽስ?» ይሏታል፤ ትንሽ እንደተቀመጡ «እስቲ ድመቷን ልያት» ብለው ጓዳ ይገባሉ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነው። ጋሽ ናስረዲን ከሉካንዳ ጉበት አስቆርጦ ይዞላት መጣ። አጠገቧ በርከክ አለና እንደ ልማዱ ሊቀልድ ሞከረ።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይሉ ነበር። ይቺ ግን የምር...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ዕንባው ቀደመው። «አላህ ያጽናሽ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለድመቷ ያለው መስሎኝ ነበር፤ እጁ ግን እኔ ራስ ላይ ነበር።

ሲወጣ የእናቴን ስልክ ይዞት ሄደ። ባትሪው አብጧል፣ ይፈነዳል፣ ላሠራልሽ ብሎ ነው። ስልኩ ምንም አልሆነም ነበር። ከደቡብ የሚደወለው ሁሉ ለእሷ እንዳይደርስ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ከሌሎች ጋር ታጭቆ በሚጓዝበት የተዘጋ መኪና ውስጥ አየር አጥሮት ሞቶ ነበር። አብሮት የነበረ የሆመቾ ልጅ ተርፎ ለጋሽ ናስረዲን ደወለለት። ትልልቆቹ በሱቁ ጀርባ፣ በስኳርና በዱቄት ከረጢቶች መሀል ተሰብስበው ተማከሩ። በአገራችን ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ሳትወልድና ሳትጠነክር ከሰማች ሁለት ነፍስ ነው የሚጠፋው ይባላል። ስለዚህ ሂሩት በሰላም እስክትገላገል ሆድ ይፍጀው ተባባሉ። የእነሱ ሆድ ግን አልቻለም። አፋቸውን ዘጉ፣ ዓይናቸውን መዝጋት አቃታቸው። በቤታችን ሰው ፊት ሊለቀስለት የሚችል አንድ በሽተኛ ብቻ ነበር፤ እሱም ሙሽሪት ናት።

እኔ ምን አውቃለሁ? ሰፈሩ ድመታችንን እንዲህ መውደዱ አኮራኝ። ለክፍል ጓደኞቼም አወራሁ። እያደር ግን ልቅሶው አስፈራኝ። አክስቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ታለቅሳለች፣ ሽንኩርት በሌለበትም ታለቅሳለች። መፍትሔው ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ሙሽሪት ከበላች ሁሉም ያቆማል። ነገሩን በአደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝና ሥራው የኔ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ጉበቱን በጥርሴ አድቅቄ ሰጠኋት፤ አሸተተችና ተወችው። እንቁላል ቀቅዬ አስኳሉን በወተት አሸሁላት፤ ሄደች። ቅቤ መዳፏ ላይ ስቀባት ግን ላሰችው፤ ድመት እግሯ ቆሽሾ ዝም አትልም። ስትልስ ጠጋ ብዬ አፏን አየሁ። በአንድ በኩል ክራንቻዋ ቡናማ ሆኖ፣ ድዷ አብጦ፣ ጥርሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ደስታዬን አልቻልኩትም! የኔም የፊት ጥርሶች በዚያ ሰሞን ነው የረገፉት፤ ቆሎ ስበላ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። ሙሽሪት ጥርሷን እየቀየረች ነው ማለት ነው፤ አሮጌው ሲወልቅ አዲሱ ይወጣል፣ ከዚያ እንደ ድሮው አይጥ ታድናለች። ለአክስቴ ስነግራት አቅፋ ሳመችኝ፤ «አዎ፣ ይወጣላታል» አለችኝ። ድመት በእርጅናዋ የምትጥለው ጥርስ አይተካም። አክስቴ ይህን ታውቅ ነበር፤ ግን በዚያ ሳምንት ለእኔ እምቢ የምትልበት አቅም አልነበራትም።

አባቴ ከሄደ ወዲህ የጸሎት ቡድናችን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። የሚመራው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሳህሉ ነው። ጸሎቱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ማቴዎስን በመንገዱ ሁሉ ቅደምለት፤ ድንበሩን በሰላም አሻግረው» ይላል፤ ሴቶቹ «አሜን» ይላሉ፤ የእናቴ አሜን ከሁሉም ይሰማል።

በዚያ ሐሙስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ጋሽ ሳህሉ እየጮኸ ነው የጸለየው። ለእርሻው ዘር ጸለየ፣ ለከተማው ሰላም ጸለየ፣ ለተፈታኝ ተማሪዎች ጸለየ፣ በእናቴ ማህፀን ላለው ልጅ ረጅም ጊዜ ጸለየ። ከዚያ ወደ አባቴ ቦታ ሲደርስ ቆመ። አንድ ዓይኔን ከፍቼ አየሁት። ሴቶቹ አሜን ለማለት አፋቸውን አሰናድተው ይጠብቃሉ።

«ጌታ ሆይ...» አለ። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ለድንቢጥ የምታስብ አባት ነህ። የዚህችን ቤት... የዚህችን ቤት ድመት እንኳ አስባት።»

«አሜን!» ብዬ ጮህኩ። ለድመት በጉባኤ ሲጸለይላት በሆሳዕና የመጀመሪያዋ ሙሽሪት ሳትሆን አትቀርም፤ ያውም በሽማግሌ! ሌሎቹ በየአፋቸው አጉተመተሙ። እናቴ አሜን አላለችም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያኔ በሆዷ የነበረው ወንድሜ አዶናይ ለአቅመ ትምህርት ደርሶ ዩኒፎርሙን እያሳጠረችለት፣ ስለዚያ ቀን ነገረችኝ። እኛ ጴንጤዎች ለሞተ ሰው አንጸልይም፤ የሞተው ሰው ነገር ከአምላኩ ጋር አልቋል፣ የሚጸለየው ለቀሪው ነው። ጋሽ ሳህሉ እናቴን ሊዋሻት ይችላል፣ ለእሷ ብሎ አገሩን በሙሉ ሊዋሽ ይችላል። ዓይኑን ጨፍኖ ግን፣ መሞቱን የሚያውቀውን ሰው በመንገዱ ጠብቀው ብሎ እግዚአብሔርን መዋሸት አልቻለም።

«ስሙን ሲዘለው አወቅሁ» አለችኝ እናቴ፣ መርፌውን ሳታቆም።

«ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«እስካልነገሩኝ ድረስ አልሞተማ!» አለች። «አንድ ቀንም ብትሆን ባል ይኑረኝ ብዬ ነው።»

ከዚያ ሐሙስ በኋላ እናቴም ጓዳ መግባት ጀመረች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ ሙሽሪትን በአባቴ ሹራብ ላይ እንዳለች ትደባብሳለች፤ ታለቅሳለች። ማንም ምን ሆንሽ አይላትም። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች፣ ታውቃለች እንዴ ብላ ትጠረጥራለች፣ መጠየቅ ግን ትፈራለች። እናቴም እነሱ የሚደብቋትን እሷ ትደብቃቸዋለች። መሀላቸው የተኛችው ሙሽሪት የሁሉንም ዕንባ ተሸክማ ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋለች። እኔ ደግሞ እናቴ የነገሩን ክብደት በመጨረሻ በመረዳቷ እፎይ አልኩ።

ችግሩ እናቴም መብላት ተወች። አክስቴ ቡላ በወተት ገንፍታ፣ በቅቤ አርሳ ታቀርብላታለች፤ እናቴ አንዴ ጠቅሳ ትገፋዋለች።

«ሂሩትዬ፣ ለራስሽ ባይሆን ለልጁ ብለሽ!»

«አልወርድ አለኝ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው? ሰው እየሞተ...» አለችና አክስቴ ምላሷን ነከሰች።

እናቴ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሙሽሪት ስትበላ እበላለሁ» አለች። «እሺ ሰሎሜ?»

እሷ ነገሩን ለማብረድ ያለችው ነው፤ እኔ ግን የምሬን ያዝኩት። ሙሽሪት ካልበላች እናቴ አትበላም፤ እናቴ ካልበላች ሕፃኑ ይራባል። ያን ቀን ለመጫወት አልወጣሁም። ድመቷ አጠገብ በሆዴ ተኝቼ አፏን ስጠብቅ ዋልኩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም።

እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እኛ ቤት ገባ። ጋሽ ሳህሉ፣ ከሱቁ የመጣው ጋሽ ናስረዲን፣ ጥቂት ጎረቤቶች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ወሬው ቶሎ ቶሎ ያልቅባቸዋል። እኔ ጓዳ ሄድኩ። ሙሽሪት ተነስታ ቆማለች። ሹራቡ ላይ፣ ተኝታበት በነበረው ቦታ፣ ያ ቡናማ ክራንቻ ወልቆ ወድቋል።

እናቴ ጠዋት የገፋችው ገንፎ ሳህኑ ላይ ነበር። ትኩስ ወተት ጨመርኩበት፣ የተጓጎለውን በጣቴ አፈራረስኩ፣ አጥሚት እስኪመስል አቀጠንኩት። ትንሽ መዳፏ ላይ ቀባኋት። ላሰችው። ሌላውን መዳፏን ቀባኋት። ላሰችው፤ ከዚያ ራሷ ወደ ሳህኑ መጣች። አሸተተች። ምላሷን ነከረች። ጭንቅላቷን ታራግፋለች ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ አላራገፈችም። ቻፕ ቻፕ እያለች፣ ጢሟ በቅቤ እየራሰ፣ ያ ሁሉ ጾም እስኪወጣላት በላች። ሳህኑን እስከ ጠርዙ ላሰችው።

ሳህኑን ይዤ ወደ ሳሎን በረርኩ።

«በላች! ሙሽሪት በላች! ጥርሷ ወልቆ በላች! ጨረሰችው!»

እልል የሚል ሰው ጠብቄ ነበር። ጋሽ ናስረዲን መሬት መሬት አየ። ጋሽ ሳህሉ ዓይኑን ጨፈነ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ከበፊቱ ብሶባት ታለቅሳለች። ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ለፍቼ!

«አክስቴ፣ በላች እኮ አልኩሽ! አሁን ደግሞ ለምንድን ነው የምታለቅሽው?»

እናቴ ቢጫውን ኮፍያ ከነመርፌው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የወንበሩን ክንድ ይዛ ቀስ ብላ ቆመች፤ ሰዎቹ ሁሉ አብረዋት ተነሱ።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች። «ድመቷ በልታለች። እንግዲህ ንገሩኝ።»

«ሂሩት፣ ልጄ...» አለ ጋሽ ሳህሉ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም። አክስቴ ያን ሁሉ ቀን አፍና የያዘችውን ጩኸት ለቀቀችው። ጎረቤቶች ከደጅ ገቡ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ጋሽ ናስረዲን ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ይህን ዓይነቱን ጩኸት አውቀዋለሁ፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ነው የሚጮኸው። በዚያ ቤት ውስጥ የታመመ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የሰጠኋት ገንፎ አንቋት ነው ብዬ ሳህኑን ጥዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ሙሽሪት ሹራቡ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በመዳፏ እየታጠበች ነበር። ብብቷ ሥር ይዤ አነሳኋት፤ አጥንት ብቻ ስለነበረች አልከበደችኝም። ወደ ሳሎን ተመልሼ ሰው ሁሉ እንዲያያት ከፍ አድርጌ ያዝኳት።

«አልሞተችም! እዩዋት፣ አልሞተችም!»

ወደ ጋሽ ናስረዲን ሄድኩ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወደ ጋሽ ሳህሉ ሄድኩ፤ ጆሮውን የማይሰማ ሰው ይመስል አሻግሮኝ አየ። አክስቴ ወለሉ ላይ ነበረች፤ ፊቷ ድረስ አስጠግቼ አሳየኋት፣ ጭራሽ ጩኸቷ ጨመረ። የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ሙሽሪት በእጄ ላይ ተንጠልጥላ እግሯን ታወራጫለች፤ እኔ እያለቀስኩ «በሕይወት አለች! እዩዋት እንጂ!» እያልኩ ከሰው ሰው እዞራለሁ።

በመጨረሻ እናቴ ጋ ደረስኩ። ወንበሯ ላይ አስቀምጠዋታል፤ የማታለቅሰው እሷ ብቻ ነበረች። እጇን በሙሽሪት ራስ ላይ አደረገች። ከዚያ ከነድመቷ ስባ፣ ከሆዷ በተረፈው ጭኗ ላይ አስጠጋችኝና ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችው።

«አዎ የኔ ልጅ» አለችኝ። «እሷማ አልሞተችም።»